እትዬ ተረፈች ሳያበጥሩ የወጡበት ጠዋት

በሕክምና ካርድ ላይ «ዕድሜ ነው» ተብሎ ተጽፎ ባየሁ ቁጥር ጨጓራዬ ይቃጠላል። ዕድሜ በሽታ ቢሆን ኖሮ የሰበታ ገበያ ባዶውን በዋለ ነበር፤ ግማሹን ቀጥ አድርገው የያዙት ስድሳን ያለፉ ሴቶች ናቸው። ይህን የምለው ሐኪም ሆኜ አይደለም። ዓለም ገና በሚባለው የሰበታ ሰፈር መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ደም ስቀዳና ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የምውል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ስሜ ቤቴል ነው፤ ከሆሳዕና ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የምነግራችሁ ግን ስለ ሹሩባ ሠሪዋ ስለ እትዬ ተረፈች ነው። እኔ የገባሁበት ከጥፋቱ ድርሻ ስላለኝ ብቻ ነው።

እትዬ ተረፈች ተጂ ተወልደው በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ሰበታ የገቡ ሴት ናቸው። ባላቸው አቶ ፍቅረሥላሴ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ ልጃቸው ወንዲ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሞቱ። ከዚያ ወዲያ ያንን ልጅ ያሳደገው፣ ያስተማረውና ለወግ ለማዕረግ ያበቃው አንድ ዱካና ሁለት እጅ ነው። ዛሬ ወንዲ ሱሉልታ ላይ ብሎኬት ያመርታል፣ ቤት ሠርቷል፣ ልጆች ወልዷል። እናቱ ግን ዓለም ገና ከዋናው መንገድ ገባ ባለችው፣ ፊቷ ሱቅ ጀርባዋ መኝታ በሆነችው ቤታቸው አሉ። በሩ ላይ «ተረፈች ሹሩባ» የሚል የቆርቆሮ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጽሑፉን ራሳቸው ስለጻፉት መጨረሻው ላይ ቦታ አልበቃ ብሎ ፊደሎቹ ተጣበዋል።

አንድ የማይሻር ሕግ አላቸው፤ ጠጉራቸው ሳይበጠር ከደጃፍ አይወጡም። ወንዲን ሲወልዱ ምጥ ይዟቸው እንኳ ሹሩባቸውን ሳይጨርሱ ሐኪም ቤት አልሄዱም ይባላል፤ እሳቸውም አያስተባብሉም። «ሹሩባ ሠሪ ራሷ ተንጨባራ ከታየች ማን ይቀመጥላታል?» ይላሉ። ምላሳቸውም እንደ እጃቸው ፈጣን ነው። መጀመሪያ የተቀመጥኩላቸው ዕለት አናቴን ዳበስ አድርገው «ማነው ጠላትሽ፣ እንዲህ የሠራሽ?» ብለው ጠየቁኝ። የሠራሁት ራሴ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው እጅ አልገባሁም።

ችግሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት በኅዳር ጽዮን ማግስት ነው። በበዓሉ ቀን ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ሄደው በእግራቸው ተመለሱ፣ በልተው ጠጥተው ተኙ። ጠዋት ሲነቁ መገላበጥ አቃታቸው። ሁለቱም ትከሻቸው፣ አንገታቸው፣ ሁለቱም ዳሌያቸው እስከ ጭናቸው ድረስ ደርቋል። ጋቢውን ከላያቸው ሊገፉ እጃቸውን ቢያነሡ ከደረታቸው በላይ አልሄድም አለ። ከአልጋ ለመውረድ በጎናቸው ተንከባልለው እግራቸውን አስቀድመው መሬት ማስነካት ነበረባቸው። ወደ አምስት ሰዓት ግድም ሰውነታቸው እየተፍታታ መጣ፣ ከሰዓት በኋላ ደህና ሰው መሰሉ። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሳምንቱም እንደዚያው። ጠዋት የሚመጡ ደንበኞች በሩን ዝግ እያገኙ ተመለሱ።

የመጡት ወደኛ ነው። ጤና መኮንናችን ሁለት ደቂቃ አዳመጣቸውና «ታይፎይድና ታይፈስ» ብሎ ምርመራ አዘዘ። በእኛ ሰፈር «ሰውነቴን ቆረጣጠመኝ» ያለ ሰው ሁሉ ይህች ወረቀት አታመልጠውም። ምርመራውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የደሙ ጠብታ ከመመርመሪያው ፈሳሽ ጋር ሲደባለቅ ፍርፍር አለ፤ «ታይፎይድ አለባቸው» ማለት ነው። ይህ ምርመራ ከዓመታት በፊት ያለፈውንም፣ ጭራሽ ሌላ የሆነውንም በሽታ «ታይፎይድ ነው» እያለ እንደሚያሳስት ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። እያወቅሁ ፈረምኩ። የታዘዘላቸውን ኪኒን ጨረሱ፤ ምንም ለውጥ የለም። ተመልሰው መጡ፤ አሁን ደግሞ ታይፈስ ሆነ፤ እሱንም የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሌላ ኪኒን ወሰዱ። ጨጓራቸው ተላጠ እንጂ ትከሻቸው ፈቀቅ አላለም። በዚህ ነገር ራሴን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ይቅር አላልኩም።

ታኅሣሥ ላይ ወንዲ ሊጠይቃቸው መጥቶ እናቱ ሳህን ከመደርደሪያ ማውረድ ሲያቅታቸው አየ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን ነገር ቶሎ መቋጨት ይወዳል።

«እማዬ፣ በቃሽ። ሱሉልታ እኔ ጋ ትኖሪያለሽ፤ ይህችን ቤት እናከራያታለን» አላቸው።

«ሱሉልታ ሄጄ የማንን ጠጉር ልሠራ ነው? ብሎኬትህን ልጎንጉነው?»

ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በመጨረሻ ተዋዋሉ። ክሊኒካችን ዓርብ ዓርብ ከሰዓት የሚመጣ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት አለ፤ ዶክተር ዱባለ ይባላል፤ ገና ወጣት ነው። እሱ ይመርምራቸው። ደማቸው በሽታ ካሳየ ወንዲ ያሳክማቸዋል፣ የሱቁን ነገር ዳግም አያነሣም። «ዕድሜ ነው» ከተባለ ግን ሱቁን ዘግተው ሱሉልታ ይገባሉ። እትዬ ተረፈች ቃላቸውን ሰጡ። እሳቸው ቃል ከሰጡ ሰጡ ነው፤ ከቃላቸው ሲመለሱ ያየ ሰው የለም። ቀጠሮው ለጥር መጨረሻ ተያዘ።

ቀጠሮው ሳይደርስ የሠርጉ ወር ገባ። ጥር ለሹሩባ ሠሪ የመኸር ጊዜ ነው፤ ሙሽራ አለች፣ እናቷ አለች፣ አክስቶቿ አሉ፣ ሁሉም ደግሞ በጠዋት ነው የሚፈልጉት። ድሬሰር አለሙ ብቅ ያለው ይሄኔ ነው። አለሙ ከጤና ጣቢያ ጡረታ ወጥቶ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ቤት ለቤት መርፌ የሚወጋ ሰው ነው። «ብርድ ነው የመታሽ፤ በአንድ መርፌ ነው የማስነሣሽ» አላቸው። አስነሣቸውም። በማግስቱ ከንጋት ጀምረው ቆመው ሠሩ። መርፌው ግን ከሁለት ቀን አያልፍም፤ ሲያልቅ ያስጠሩታል፤ እሱም ይመጣል። ለእኔ ይህን አልነገሩኝም። «ብርዱ ለቀቅ አድርጎኛል» ብቻ አሉኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሌላ አልጠየቅሁም።

የቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ ክሊኒካችን ሲገቡ ታካሚ ሳይሆን የሙሽራ እናት ነበር የሚመስሉት። ጥልፍ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ሹሩባቸው ገና ትኩስ ነው፣ ቅባታቸው ያበራል። ወንዲ ከኋላቸው ነበር። ዶክተሩ እጃቸውን ወደ ላይ እንዲያነሡ ጠየቃቸው፤ ትንሽ ቢከብዳቸውም አነሡ። ከዚያ ሁለት የደም ምርመራ አዘዘ፤ ኢኤስአርና ሲአርፒ። ሁለቱም በሰውነት ውስጥ የተቆጣ ነገር መኖር አለመኖሩን የሚያሳዩ ናቸው። ኢኤስአር የቆየ ምርመራ ነው፤ ደሙ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆምና አንድ ሰዓት ይጠበቃል፣ ከዚያ ቀዩ ክፍል ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ ይነበባል። ሰውነት ከተቆጣ ቀዩ በፍጥነት ይወርዳል። ሰዓቱ ሲሞላ ሃያ ሁለት አነበብኩ፤ በስድሳ አራት ዓመት ሴት ላይ የማያሳስብ ቁጥር ነው። ሲአርፒውም ንጹሕ ሆነ።

ዶክተር ዱባለ ወረቀቶቹን አይቶ «እናቴ፣ ደምዎ ንጹሕ ነው» አለ። ውጭ ሃያ ሰው ይጠብቀዋል። ካርዱ ላይ «ዕድሜ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ማስታገሻም አዘዘ።

ወንዲ በዚያው ቀን ሰሌዳውን አወረደው። ግድግዳ ላይ አስደገፈው፤ ተከራይም አገኘ፤ የውበት ሳሎን መክፈት የምትፈልግ ሴት፣ መጋቢት አንድ ቀን ልትገባ። እትዬ ተረፈች አልከለከሉትም፤ ቃል ሰጥተዋልና። ይህ እሺታቸው ከስድባቸው በላይ አስፈራኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ እሁድ፣ ከጸሎት ወጥቼ እሳቸው ጋ ሄድኩ። የመጨረሻ ሹሩባዬን ልሠራ ብዬ ነው። እጃቸው ደህና ይሠራል፤ ይህም ገረመኝ። ግማሽ ራሴን ጨርሰው ወደ ሌላው ሲዞሩ ዓይኔ አጠገቤ ያለችው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። እትዬ ተረፈች ለትናንሽ ልጆች ሹሩባ ጫፍ ላይ ዶቃ ያስራሉ፤ ዶቃቸውን ድሮ የሚያስቀምጡት በቅባት ቆርቆሮ ነበር። አሁን ግን በየቀለሙ ለይተው የላስቲክ ክዳን ባላቸው ትናንሽ ብልቃጦች ሞልተውታል። አንዱን አነሣሁ። በግማሽ የተላጠ ወረቀት አለበት፤ ላዩ ላይ «ዴክሳሜታዞን» ይላል።

«እትዬ፣ ይህ ብልቃጥ ከየት መጣ?»

«የአለሙ ነው። ባዶውን ከሚጥለው ብዬ ነው፣ ለዶቃ ልኩ ነው።»

ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው።

«መጨረሻ የወጋዎት መቼ ነው?»

«ትናንት። ከዚያ በፊት ደግሞ ለቀጠሮው ዋዜማ። ታዲያ እንደ ጉቶ ተገትሬ ሐኪም ፊት ልቅረብ እንዴ? ሰው እኮ ነው የሚያየኝ።»

ግማሽ ራሴ ተሠርቶ ግማሹ እንደተንጨባረረ ብድግ አልኩ። በእርጋታ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም፤ ድምፄ ከፍ አለ። ይህ መርፌ ቁጣን የሚያስተኛ መርፌ ነው አልኳቸው። በየሁለት ቀኑ ሲወስዱት ትከሻውም ዝም ይላል፣ ደሙም ዝም ይላል። ቀጠሮው ላይ ደማቸውን የጠየቅነው አፉን ከዘጋን በኋላ ነው።

እትዬ ተረፈች ሚዶውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ስለዚህ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«መርፌው ነው የዋሸው።»

«የለም። እኔ ነኝ። አምሬ ልታይ ብዬ አታለልኳቸው።» ዓይናቸውን እንባ ሞላው፤ ግን ወዲያው ንዴት ተካው። «እርጅና እንደ ሌባ በአንድ ሌሊት ነው እንዴ የሚገባው? ጽዮን ዕለት በእግሬ ሄጄ በእግሬ ነው የመጣሁት። በማግስቱ ጋቢ መግፈፍ ያቃተኝ አርጅቼ ነው? አልቀበልም። ያ ልጅ ዕድሜ ነው ያለው ለእኔ አይደለም፣ ለአለሙ መርፌ ነው። እኔን ገና አላየኝም። ይየኝ።»

ሹሩባዬን እንዲጨርሱልኝ ብጠይቃቸው «ስድን» አሉ። እኔም እልህ ያዘኝ፤ የተሠራውን አልፈታም ብዬ ሻሽ አስሬ ሥራ ገባሁ። ያን ሻሽ ከወር በላይ አልፈታሁትም፤ ክሊኒኩ ውስጥ ያልቀለደብኝ የለም።

ለዶክተር ዱባለ ደወልኩለት። ስለ ብልቃጦቹ ነገርኩት። «መርፌው ይቁም» አለ፤ «ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደ አዲስ እናያቸዋለን። በመሐል ግን ካዞራቸው፣ ካስመለሳቸው፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን አምጪያቸው።»

«ከሰዓት አይሆንም ዶክተር» አልኩት፤ «ከሰዓት ሌላ ሰው ናቸው። ጠዋት ነው መታየት ያለባቸው።»

«ጠዋት ቡራዩ ሆስፒታል ነኝ። ሁለት ሰዓት ላይ እጀምራለሁ።»

እነዚያን ሦስት ሳምንታት ማንም ላይ አይድረስ። መርፌው ሲቀር ሕመሙ በእጥፍ መጣ። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት እየሄድኩ ከአልጋ አወርዳቸው ነበር፤ ክንዳቸውን ስይዝ ጥርሳቸውን ነክሰው ያቃስታሉ፤ ከዚያ ስላቃሰቱ ይናደዳሉ። አንድ ጠዋት አለሙ ቦርሳውን ይዞ መጣ።

«ምነው ጠፋሽ? ያስነሣሁሽን ሰውዬ ረሳሽኝ?» አላቸው።

«አስነሥተኸኝ ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉት በር ላይ ቆመው፣ መቃኑን ተደግፈው። «ግን መርፌህ ደሜን አፉን ዘጋብኝ። እስኪናገር ድረስ አትምጣብኝ።»

አለሙ ተቀይሞ ሄደ። በዚያው ሳምንት ጤና መኮንናችን እትዬ ተረፈችን በራፋቸው ላይ አጎንብሰው ቆመው አይቶ «አምጪያቸው፣ ታይፎይዱ አገርሽቶባቸው ነው» አለኝ። ሦስተኛ አልሠራም አልኩት። ሁለቴ የፈረምኩት ያሳፍረኛል፤ ሦስተኛውን ራሱ ይፈርም። አለቃችን ጠርቶ ተቆጣኝ፤ ቆሜ አዳመጥኩት፤ ግን አልሠራሁም።

የካቲት ሃያ አንድ ቀን ገና ሳይነጋጋ ቤታቸው ደረስኩ። እትዬ ተረፈች በጀርባቸው ተኝተው ጣሪያውን ያያሉ። ደግፌ አስቀመጥኳቸው፣ ቀሚሳቸውን በጭንቅላታቸው አስገባሁ፤ እጃቸው እጅጌው ውስጥ እስኪገባ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ጠጉራቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ማበጠሪያ አላየም። አሳዘኑኝ፤ ሚዶውን አንሥቼ ወደ ራሳቸው አስጠጋሁ።

«አስቀምጪው» አሉኝ።

«መንገድ ላይ ሰው ያያል እትዬ፤ ትንሽ ላስተካክልልዎ።»

«አስቀምጪው አልኩ። እንዲያየኝ ነው የምሄደው።»

ስድሳ አራት ዓመት ሙሉ ሳያበጥሩ ከደጃፍ ያልወጡ ሴት ነጠላ እንኳ ሳይከናነቡ ወጡ። ኦቦ ሊቤ፣ ጎረቤታችን የሆነው የሚኒባስ ሹፌር፣ የመጀመሪያ ምልልሱን ትቶ በር ላይ ይጠብቀን ነበር።

«አካም ቡልታኒ፣ አዴ ተረፈች?» አላቸው፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ነጋ» ብለው በአማን ማደራቸውን ይነግሩታል። «ዛሬ ነጋ አልልም ኦቦ ሊቤ» አሉ፤ «ደህና አላደርኩም። ለሁሉም የምናገረው ይህንኑ ነው።»

ወተት የምትሸጠው ጎረቤት አፏን ይዛ ቆመች። ሁለት የድሮ ደንበኞቻቸው ከመንገዱ ማዶ ሲያዩዋቸው ፊታቸውን ወደ ሌላ መለሱ። እትዬ ተረፈች ግን አንገታቸውን አልደፉም፤ መድፋቱም ያማቸዋል። ኦቦ ሊቤና እኔ ተጋግዘን አሳፈርናቸው። እስከ ቡራዩ ድረስ መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ጉልበቴን ጭምቅ ያደርጋሉ።

ዶክተር ዱባለ ገና ጋዋኑን ሳይቆልፍ ነበር የገባነው። ቀና ብሎ ሲያያቸው መጀመሪያ አላወቃቸውም።

«እጅዎን ወደ ላይ ያንሡልኝ።»

አነሡ፤ ክንዳቸው ደረታቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከወንበሩ ሳይደገፉ እንዲነሡ ጠየቃቸው፤ ሞከሩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ራስ ምታት፣ ሲያኝኩ የመንጋጋ ሕመም፣ የዓይን ብዥታ እንዳለ ጠየቀ። የለም። መዳፋቸውንና የጣታቸውን መገጣጠሚያ አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ እብጠት የለም። ጠዋት ሰውነታቸው እስኪፈታ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቀ።

«ቁጭ ብለህ ጠብቀኝና እይ» አሉት።

ሳቅ አለ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። «ባለፈው ያየሁት መርፌውን ነው እንጂ እርስዎን አልነበረም፤ መጠየቅ ነበረብኝ» አላቸው።

የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ውስጥ አብሮኝ የተማረ ልጅ ስላለ አስገባኝ። ደማቸውን በቱቦው አቁሞ ሰዓቱን ያዘ። ሌላ ጊዜ ሰው ሲበዛብን በግማሽ ሰዓት አንብበን በሁለት የምናባዛ ጉዶች ነን፤ ያን ቀን ግን ስድሳውን ደቂቃ አንድ በአንድ ቆምኩለት። እንዲህ እያልኩ ነበር በልቤ፤ ተናገር። ስለ እሳቸው ተናገር፤ አፍህን ዘግተንብህ ነበር። የእምነቴ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ፣ ለደም ጸለይኩ ማለት ነው። ቀዩ ዓይኔ እያየ ወረደ። ሰዓቱ ሲሞላ ዘጠና ስድስት። ሲአርፒው ሊኖር ከሚገባው አሥር እጥፍ አለፈ።

ወረቀቱን ይዤ ስሮጥ እትዬ ተረፈች ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። ፊቴን አይተው ገባቸው። «ተናገረ?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ሁለታችንም አለቀስን።

ዶክተሩ ቁጥሩ ብቻውን የበሽታ ስም እንደማይሰጥ አስረዳቸው። ኢኤስአር ቃጠሎ አለ ይላል እንጂ የማን ቤት እንደሚቃጠል አይናገርም። ሳንባ ነቀርሳም፣ ካንሰርም፣ ሌላ የመገጣጠሚያ በሽታም ቁጥሩን ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ የደረት ራጅ አስነሣቸው፤ ስኳር፣ ኩላሊትና ሌላ ሌላውንም አየ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ነጻ ሆኖ መጣ። የቀረው ሁለቱ ትከሻ፣ ሁለቱ ዳሌ፣ የጠዋቱ ድርቀት፣ ዕድሜያቸውና ያ ቁጥር ነው፤ አንድ ላይ ሲታዩ ስም አላቸው። ፖሊማያልጂያ ሩማቲካ። ከአምሳ ዓመት በላይ ያሉ ሰዎችን የሚይዝ፣ በድንገት የሚጀምር፣ መድኃኒት ያለው በሽታ።

ያዘዘላቸው ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ነው፤ በቀን አንዴ ከቁርስ በኋላ። «ከአለሙ መርፌ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው» አላቸው ሳይደብቅ፤ «ልዩነቱ አሁን ምን እንደምናክም እናውቃለን፣ መጠኑም ትንሽ ነው፣ እንከታተልዎታለን። ስኳርዎንና ግፊትዎን እናያለን፣ ለአጥንትዎም እንጠነቀቃለን። ከዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚቀነሰው። ደህና ነኝ ብለው በአንድ ጊዜ እንዳያቆሙት።»

እትዬ ተረፈች ሁሉንም አዳምጠው ሲያበቁ ከጉያቸው የድሮውን ካርድ አወጡ።

«እዚህ ላይ ዕድሜ ነው ብለህ ጽፈሃል።»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ሰርዘው።»

ዶክተር ዱባለ እስክሪብቶ አነሣ። መስመሩን ሰረዘ፤ ከሥሩ የበሽታውን ስም ጻፈ፤ ፈረመበት፤ ቀኑንም ጻፈ። ካርዱን ሲመልስላቸው በሁለት እጁ ነበር።

ኪኒኑን ከጀመሩ በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ጋቢውን ገፈፍኩት» አሉኝና ዘጉት።

መጋቢት አንድ ቀን ወንዲ አይሱዙ አስከትሎ መጣ። እናቱ ምንም አልነገሩትም ነበር። ተከራይዋ ሜትር ይዛ አብራው ወረደች። በሩ ክፍት ነው። ውስጥ አንዲት ተማሪ ዱካው ላይ ተቀምጣለች፤ እኔና አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ተራችንን እንጠብቃለን፤ ሻሼ እንደታሰረ ነው። እትዬ ተረፈች ቆመው ይሠራሉ፤ ጠጉራቸው በደቃቁ ተጎንጉኗል፤ በገዛ እጃቸው ነው።

ወንዲ የበሩ መድረክ ላይ ቆመ። «እማዬ?» አለ።

ከመስተዋቱ ጎን የሰኩትን ካርድ ነቅለው ሰጡት። «አንብብ። ከኔ ጋር የተዋዋልከው አንተ ነህ።»

አነበበ። የተሰረዘውን መስመር በጣቱ ተከተለው። «ይህ ምንድን ነው? ፖሊ...»

«ስሙ ረጅም ነው፤ እኔም ለመልመድ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። በሽታ ነው። መድኃኒት አለው። ዕድሜ አይደለም። ደሜ በሽታ ካሳየ የሱቁን ነገር ዳግም አላነሣም ብለሃል።»

ከግድግዳው ጥግ ሰሌዳውን አነሡ። ወንዲ ካርዱን ኪሱ ከትቶ «አምጪ፣ እኔ ልስቀለው» ብሎ ተጠጋ። «አውርደኸዋል፤ የአንተ ሥራ አልቋል» አሉት። በሩ ላይ ወጥተው ቆሙ፣ ሁለቱንም ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ ዘረጉ፣ ቀለበቱን ከሚስማሩ ጋር ፈልገው አገናኙት። አልቸኮሉም። ክንዳቸውን ከሚያስፈልገው በላይ አቆዩት፤ ልጃቸው እስኪያይ ነው። ወንዲ አየ። ፊቱን ወደ አይሱዙው አዙሮ በእጁ ዓይኑን ጠረገ፤ ሹፌሩንም ሂድ ብሎ አሰናበተው።

ተከራይዋ ሜትሯን እንደያዘች መሐል ቤት ቆማ ቀርታለች። እትዬ ተረፈች እጃቸውን በሽርጣቸው ጠራርገው ተመለሱና አናቷን አየት አደረጉት።

«ማነው ጠላትሽ፣ እንዲህ የሠራሽ?» አሏት። «ቁጭ በይ፤ ተራሽን ጠብቂ።»

ሴትዮዋ ወንዲን አየችው። ሜትሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ከእኔ ቀጥሎ ተቀመጠች።